የጉልበት ጅማት ሲበጠስ ደመወዙን ማን ይከፍላል? በእግር ኳስ ውል ውስጥ ስላለው የጉዳት ዋስትና

ኅዳር ወር ላይ አጎቴ ደውለው "አንቺ ሕግ ትማሪያለሽ አይደል?" አሉኝ። ልጃቸው 19 ዓመቱ ነው። በታችኛው ሊግ ከሚጫወት አንድ ክለብ ጋር የሁለት ዓመት ውል ከፈረመ ገና ሦስት ወሩ ነበር። ልምምድ ላይ ማንም ሳይነካው ዞር ሲል ጉልበቱ ከዳው። ምርመራው ሲወጣ ረጹዓ ጾሌቬት ነው ተባለ፤ የፊተኛው መስቀለኛ የጉልበት ጅማት ተበጥሷል ማለት ነው። ኳስ የሚከታተል ሰው ይህን ስም ሲሰማ ወሩን መቁጠር ይጀምራል፤ ብዙ ጊዜ ዘጠኝ ወር አካባቢ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ።

እዚያው ከተማ መሃል ሐኪም ዘንድ ይዘውት መጥተው ስለነበር ኢትዮጵያ ጎዳና ላይ ተገናኘን። ከነቢያት ጎዳና የምትገነጠለውን ያቺን ጠባብ መንገድ ታውቋታላችሁ፤ ደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ያለችበት፣ ኤሊዔዘር ቤን ይሁዳም የኖረበት። (ስሙ የኛ ነው ብለን እንቀልዳለን እንጂ ብዙዎቻችን ያደግነው ቂርያት መናሔም ነው።) ከድንጋዩ አጥር ተደግፈን ስምንት ገጽ የዕብራይስጥ ውል ማንበብ ጀመርን። ልጁ ክራንቹን አጥሩ ላይ አስደግፎ ዝም ብሏል።

አጎቴ አንድ ነገር ደጋግመው ይሉ ነበር። ውሉ ሲፈረም ሥራ አስኪያጁን "ልጄ ቢጎዳስ?" ብለው ጠይቀውታል። እሱም "እሱ እኮ ልጃችን ነው፤ እንዴት እንጥለዋለን?" ብሎ መለሰላቸው። አጎቴ ያደጉበት አገር እንዲህ ያለ ቃል ሰው ፊት ከተባለ በቃ ተባለ ነው። ስድስተኛው ገጽ ላይ ግን የተጻፈው ሌላ ነው። ተጫዋቹ በጉዳት ምክንያት ከ60 ቀን በላይ ከሜዳ ከራቀ፣ ክለቡ ደመወዙን ማቆም ወይም ውሉን ማፍረስ "ይችላል" ይላል።

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው እዚያ ቆመን የተነጋገርነው ነገር ለብዙ ቤት ይጠቅማል ብዬ ስላሰብኩ ነው። ከባሩክ ደጎ ዘመን ጀምሮ እኛ ሰፈር ኳስ ሕልም ብቻ አይደለም፤ የሥራ መንገድም ነው። ኤሊ ዳሳ በቤታር ኢየሩሳሌም ተጫውቶ፣ ወደ ማካቢ ቴል አቪቭ፣ ከዚያ ወደ ቪተሴ እና ወደ ዲናሞ ሞስኮ ሄዶ የብሔራዊ ቡድኑ አምበል እስከ መሆን ደርሷል። እሱን እያየ የሚፈርም ልጅ ብዙ ነው። የሚፈርመውን የሚያነብ ግን ጥቂት ነው።

በመጀመሪያ አንድ ነገር እንለይ፤ ዓለም ላይ ሁለት "ፉትቦል" አለ። ኢንተርኔት ላይ "የጉዳት ዋስትና" ብላችሁ ብትፈልጉ አብዛኛው የሚመጣው ስለ አሜሪካው ነው፤ እዚህ ኢየሩሳሌም ክራፍት ስታዲየም ውስጥ የራስ ቁር አድርገው የሚጫወቱት ዓይነት። እዚያ የአምስት ዓመት ውል ማለት አምስት ዓመት ይከፈልሃል ማለት አይደለም። ተጫዋቹ በሥራው ላይ ከተጎዳ የዚያ ዓመት ደመወዙ ይከፈለዋል፤ የሚቀጥሉት ዓመታት ግን ክለቡ በፈለገ ጊዜ ሊሰርዛቸው ይችላል። ስለዚህ ተጫዋቾች ለብቻው ይደራደራሉ፤ "ብትሰናበት እና በጉዳት ምክንያት የሐኪም ምርመራ ማለፍ ካልቻልክ የሚቀጥለው ዓመት ገንዘብህ የተጠበቀ ነው" የሚል አንቀጽ ያስገባሉ። የጉዳት ዋስትና የሚባለው ይህ ነው። በችሎታ መውረድ ለሚመጣ ስንብት ደግሞ ሌላ ዋስትና አለ፤ የክለቡ የደመወዝ ጣሪያ ስለሞላ ለሚመጣ ስንብትም ሌላ።

ይህ አንቀጽ ምን ያህል ኃይል እንዳለው የዴሪክ ካር ታሪክ ያሳያል። ካር የላስ ቬጋስ ሬይደርስ ዋና አቀባይ ነበር። ለሚቀጥሉት ዓመታት 40.4 ሚሊዮን ዶላር በጉዳት ብቻ የተጠበቀ ነበረው፤ በየካቲት 2023 አጋማሽ ላይ ደግሞ ያው ገንዘብ ያለ ምንም ቅድመ ሁኔታ የተጠበቀ ሊሆን ነበር። ክለቡ ሊያሰናብተው ቆርጧል። ነገር ግን በቀሩት ሁለት ጨዋታዎች ላይ ገብቶ ከባድ ጉዳት ቢደርስበትስ? 40 ሚሊዮኑ ክለቡ ላይ ይቀራል። ስለዚህ በታኅሣሥ 2022 መጨረሻ ጤነኛውን ሰው ተጠባባቂ ወንበር ላይ አስቀመጡት፤ ቀነ ገደቡ ሊደርስ አንድ ቀን ሲቀረው አሰናበቱት። በቀጣዩ ዓመት ዴንቨር ላይ ራስል ዊልሰን ላይም ተመሳሳይ ነገር ደረሰ፤ 37 ሚሊዮን ዶላር ነበር የተያዘው። ተጫዋቹን እንዲጠብቅ የተጻፈ አንቀጽ ተጫዋቹን ከሜዳ አስወጣው። ሕግ ክፍል ውስጥ ይህን ስንማር ሁላችንም ሳቅን፤ አሁን ሳስበው ብዙም አያስቅም።

የኛው እግር ኳስ ግን ከዚህ ተቃራኒ ነው የሚነሳው። በፊፋ ደንብ የተጫዋች ውል የተወሰነ ጊዜ ውል ነው። ቢያንስ እስከ ውድድር ዘመኑ መጨረሻ፣ ቢበዛ አምስት ዓመት፤ ከ18 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ደግሞ ቢበዛ ሦስት ዓመት። በዚያ ጊዜ ውስጥ ውሉ ይከበራል፤ ማንም ያለ በቂ ምክንያት ሊያፈርሰው አይችልም። የፊፋ የክርክር አካላትም ሆኑ ሎዛን ያለው የስፖርት ግልግል ፍርድ ቤት በተደጋጋሚ ያሉት፣ መጎዳት ለክለቡ ውል ማፍረሻ በቂ ምክንያት አይደለም የሚል ነው። ነገሩ ከባድ አይደለም፤ ተጫዋቹ ያጠፋው የለም፤ ጉዳት የሥራው አካል ነው፤ ያንን አደጋ የሚሸከመው አሠሪው ነው።

ስለዚህ በኛ ኳስ የጉዳት ዋስትና የሚባል የተለየ ወረቀት መፈለግ የለባችሁም። ዋስትናው ውሉ ራሱ ነው። መጠየቅ ያለባችሁ "ዋስትና አለኝ ወይ?" ብላችሁ አይደለም፤ "ያለኝን ዋስትና የትኛው አንቀጽ እየሸረፈብኝ ነው?" ብላችሁ ነው።

መሸረፊያው ደግሞ ብዙ ነው። በጣም ግልጽ የሆነው አጎቴ ልጅ ውል ውስጥ ያለው ዓይነት ነው፤ "ከዚህ ያህል ቀን በላይ ከራቀ" የሚለው። ለአንድ ወገን ብቻ የማፍረስ መብት የሚሰጥ አንቀጽ ግልግል ፊት ሲቀርብ ደካማ ነው፤ ግን ብዙ ልጅ እስከዚያ አይደርስም፤ ወረቀት ላይ ስላየው ብቻ እውነት ነው ብሎ ይቀበላል። ሁለተኛው ሕክምና ምርመራ ካለፍክ ብቻ ውሉ ይጸናል የሚለው ነው። ይህን ፊፋ በግልጽ ከልክሎታል፤ ምርመራው ከፊርማ በፊት ነው የሚደረገው፤ ከተፈረመ በኋላ ጉልበትህ አላማረኝም ማለት አይቻልም።

ሦስተኛውን ግን ማንም አያስተውለውም፤ እኔ ግን ከሁሉም የምፈራው እሱን ነው። መነሻ ደመወዙ ትንሽ ሆኖ የቀረው በተሰለፉበት ጨዋታ፣ በጎል፣ በድል የሚከፈል ሲሆን ማለቴ ነው። እንበልና በወር 3,000 ሸቄል መነሻ፣ በጨዋታ ደግሞ 1,250። በወር አራት ጨዋታ ከተጫወትክ 8,000 ታገኛለህ፤ ለእናትህም "8,000 ነው የማገኘው" ብለህ ትነግራታለህ። ስትጎዳ ማንም ውል ሳያፈርስ፣ ማንም ሕግ ሳይጥስ፣ ገቢህ 3,000 ይሆናል። የጉዳት ክፍያ የሚሰላው በመነሻው ነው ወይስ በአማካይ ገቢው? ካልተጻፈ ክለቡ በመነሻው ይላል።

አራተኛው የት ተጎዳህ የሚለው ነው። ብዙ ውሎች ሞተር ብስክሌት መንዳትን፣ በረዶ ላይ መንሸራተትን፣ ከክለቡ ውጭ ኳስ መጫወትን ይከለክላሉ። አርብ ከሰዓት ሰፈር ሜዳ ላይ ከልጅነት ጓደኞች ጋር አምስት ለአምስት መጫወት ማለት ነው እኮ! ልጁ እዚያ ቢጎዳ ክለቡ "ውሉን ጥሰሃል" ይላል፤ ያኔ ክርክሩ ስለ ጉዳት መሆኑ ይቀርና ስለ ጥፋት ይሆናል።

የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ መደበኛ ውል ለንጽጽር ይጠቅማል፤ ሁሉም ነገር በቁጥር ተጽፏልና። ተጫዋች በሥራው ከተጎዳ ለመጀመሪያዎቹ 18 ወራት ሙሉ መነሻ ደመወዙን፣ ከዚያ በኋላ ግማሹን ያገኛል። ክለቡ በጉዳት ምክንያት ሊያሰናብተው የሚችለው ጉዳቱ ቋሚ ከሆነ ወይም በ20 ወራት ውስጥ በድምሩ 18 ወር ከሥራ ከራቀ ነው፤ ያኔም የ12 ወር ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። የኛን ልጅ 60 ቀን ከዚህ ጋር አስተያዩት። በኢትዮጵያም ቢሆን የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለታመመ ሠራተኛ እስከ ስድስት ወር ፈቃድ ይሰጣል፤ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ፣ የቀሩት ሦስቱ ያለ ክፍያ።

አሁን ወደ አገራችን ሕግ እንምጣ፤ እዚህ ላይ ቀስ ብላችሁ አንብቡ፤ ምክንያቱም ገንዘብ የሚጠፋው እዚህ ነው። በደመወዝ የሚጫወት ሰው ሠራተኛ ነው። ልምምድ ላይ ጉልበቱ ሲበጠስ የሥራ ላይ ጉዳት ነው፤ አናጢ ከመሰላል እንደወደቀው። ስለዚህ ቢቱዋሕ ለኡሚ ድሜ ፕጊዓ ይከፍላል፤ ካለፉት ሦስት ወራት አማካይ ደመወዝ 75%፣ ሕጉ ባስቀመጠው ጣሪያ ውስጥ፣ ቢበዛ ለ91 ቀን። የመጀመሪያዎቹ 12 ቀናት ሸክም የአሠሪው ነው። ለዚያ ደግሞ አሠሪው ቁጥር 250 የሚባለውን ፎርም ሞልቶ ይሰጣል፤ ኩፓት ሖሊም ያለው ሐኪም በሥራ ላይ ለተጎዳ ሰው የሚሰጠውን የመጀመሪያ የሕክምና ምስክር ወረቀት ይጽፋል፤ ከዚያ ጥያቄው በ12 ወር ውስጥ ለቢቱዋሕ ለኡሚ ይቀርባል።

የአጎቴ ልጅ ድንገተኛ ክፍል ሲገባ ነርሷ "ምን ሆነህ ነው?" ስትለው "ኳስ ስጫወት" አለ። እውነቱን ነው። ግን ወረቀቱ ላይ የስፖርት ጉዳት ተብሎ ተጻፈ፤ ፎርም 250 የሚባል ነገር ማንም አላነሳለትም፤ ክለቡም ዝም አለ። "ሥራ ላይ ነበርኩ" ብሎ ቢሆን ኖሮ ሁለት ወር ሙሉ ከቢሮ ቢሮ ባልተንከራተትን። ኳስ መጫወት ሥራ ነው ብሎ ለማሰብ ልጁ ራሱ ገና አልለመደም ነበር።

ሂሳቡን እንሥራው። በወር 8,000 ሸቄል ቋሚ ደመወዝ ያለው ልጅ እንውሰድ። ከቢቱዋሕ ለኡሚ የሚያገኘው በወር 6,000 አካባቢ ነው፤ ለሦስት ወር 18,000። ጉልበቱ የሚድነው ግን በዘጠኝ ወር ነው። የቀረው ስድስት ወር 48,000 ሸቄል ነው፤ ይህን የሚሸፍነው ውሉ ነው ወይ ማንም አይሸፍነውም። የሕመም ፈቃድ ሕጉ፣ የ1976ቱ፣ በወር አንድ ቀን ተኩል ያጠራቅማል፤ ጣሪያውም 90 ቀን ነው። ሦስት ወር የሠራ ልጅ ያጠራቀመው አራት ቀን ተኩል ነው፤ ለአንድ ቀን ከሁለቱም ወገን መቀበል ደግሞ የለም። ከ91ኛው ቀን በኋላ የሕክምና ኮሚቴ ጊዜያዊ አካል ጉዳት ሊወስንለት ይችላል። ቋሚ ሆኖ ከተወሰነ፣ ከ9% እስከ 19% ለሆነ አንድ ጊዜ የሚከፈል ገንዘብ፣ ከ20% ጀምሮ በየወሩ የሚከፈል አበል አለ። ግን ኮሚቴው ጊዜ ይወስዳል፤ የቤት ኪራይ አይጠብቅም።

ደመወዝ የሌላቸው ወጣቶችስ? ለነሱ ቢቱዋሕ ለኡሚ የሥራ ጉዳት አይልም። ሆኖም የ1988ቱ የስፖርት ሕግ በውድድር የሚሳተፍ ስፖርተኛ ሁሉ ኢንሹራንስ እንዲገባለት ያስገድዳል፤ የሕፃናት ቡድንም ቢሆን። ወላጆች ለልጃቸው ዓመታዊ ክፍያ ሲከፍሉ አንዱ ክፍል ለዚህ ነው። የፖሊሲውን ቅጂ ጠይቁ። መጠየቅ ነውር አይደለም። ከ18 ዓመት በታች ላለ ልጅ ውሉ ላይ የሚፈርመው ወላጅ ነው፤ አንብቦ ሳይገባው የሚፈርም ወላጅ ደግሞ ብዙ ጊዜ ልጁን ራሱን "ምን ይላል?" ብሎ ይጠይቃል። ልጁም "ሁሉም ነገር ጥሩ ነው" ይላል፤ መጫወት ነው የሚፈልገው። ይህን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ የባንክ ደብዳቤ እየተረጎምን ነው ያደግነው።

ወደ ብሔራዊ ቡድን የተጠራ ተጫዋች ቢጎዳስ? እዚህ ላይ የሞሮኮው አብደልመጂድ ኡልመርስ መነሳት አለበት። በኅዳር 2004 ለሞሮኮ ከቡርኪና ፋሶ ጋር የወዳጅነት ጨዋታ ሲጫወት የቁርጭምጭሚት ጅማቱ ተጎድቶ ለወራት ቀረ። ክለቡ የቤልጂየሙ ሻርለሯ ነበር፤ ደመወዙን መክፈል የቀጠለው እሱ ነው። ትንሹ ክለብ ፊፋን ከሰሰ፤ ትልልቆቹ የአውሮፓ ክለቦች ከጎኑ ቆሙ፤ ጉዳዩ እስከ አውሮፓ ፍርድ ቤት ተላከ። በ2008 በስምምነት ተዘጋ። ከዚያ በኋላ ፊፋ በ2012 ለክለቦች የመድን ፕሮግራም ጀመረ፤ በብሔራዊ ቡድን ግዳጅ ላይ የተጎዳ ተጫዋች ከ28 ቀን በላይ ከራቀ፣ በቀን እስከ 20,548 ዩሮ፣ በአንድ ጉዳት እስከ 7.5 ሚሊዮን ዩሮ፣ ቢበዛ ለአንድ ዓመት። ልብ በሉ፣ ይህ ገንዘብ የሚከፈለው ለክለቡ ነው። ተጫዋቹ ደመወዙን የሚጠይቀው አሁንም ክለቡን ነው።

(ለሴት ተጫዋቾች አንድ ቃል ልጨምር። እርግዝና ጉዳት አይደለም፤ ግን ክለቦች ለረጅም ጊዜ እንደ ጉዳት ነበር ያዩት። ከ2021 ጀምሮ የፊፋ ደንብ ቢያንስ 14 ሳምንት የወሊድ ፈቃድ፣ ከደመወዙ ሁለት ሦስተኛ ክፍያ ጋር፣ ይሰጣል፤ በእርግዝና ምክንያት ማሰናበትም ክልክል ነው። የአይስላንዷ ሳራ ብዮርክ ጉናርስዶቲር በዚህ ደንብ ሊዮንን ረትታ ከ82,000 ዩሮ በላይ ተፈርዶላታል።)

ክርክር ቢነሳ የት ነው የሚኬደው? እስራኤላዊ ተጫዋች ከእስራኤል ክለብ ጋር ከሆነ ወደ ፊፋ አይሄድም፤ የእግር ኳስ ማኅበሩ የራሱ የግልግል ተቋም አለው። የተጫዋቾች ድርጅትም አለ፤ የዓለም አቀፉ የተጫዋቾች ኅብረት አባል ነው። ከጠበቃ በፊት እዚያ መደወል ብልህነት ነው። ደመወዝ ቆሞ ከሆነ ደግሞ በጽሑፍ ጠይቁ፤ በዋትስአፕ ድምፅ ሳይሆን በጽሑፍ። በፊፋ ደንብ ሁለት ወር ደመወዝ ያልተከፈለው ተጫዋች የ15 ቀን ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ሰጥቶ ውሉን ራሱ ማፍረስ ይችላል። ተጎድቶ ቤት የተኛ ልጅ ግን ይህን መሣሪያ ከመምዘዙ በፊት ሁለት ጊዜ ማሰብ አለበት፤ ሌላ ክለብ አሁን አይወስደውምና።

ሌላው የሚረሳ ነገር "ድኗል" የሚለው ማነው የሚለው ነው። የክለቡ ሐኪም ደመወዙን የሚቀበለው ከክለቡ ነው። መጥፎ ሰው ነው ማለቴ አይደለም፤ ግን ቅዳሜ ጨዋታ ካለ አሰልጣኙ እሱን ነው የሚጠይቀው። ውሉ ውስጥ "ተጫዋቹ በራሱ ምርጫ ሁለተኛ ሐኪም ሊያማክር ይችላል፤ ልዩነት ካለ ሦስተኛ ሐኪም ይወስናል" የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ማስገባት ብዙ አይከብድም። የቀዶ ሕክምናውን እና የፊዚዮቴራፒውን ወጪ ማን እንደሚሸፍንም፣ ውሉ ቢያልቅ እንኳ ሕክምናው እስኪያልቅ ይቀጥል እንደሆነ ይጻፍ። ውሉ በሰኔ ሲያልቅ ጉልበቱ ገና በመስከረም የሚድን ልጅ ብዙ ነው።

የኛ ጉዳይ እንዲህ አለቀ። ቢቱዋሕ ለኡሚ ከብዙ ወረቀት በኋላ ጉዳቱን የሥራ ጉዳት ብሎ ተቀበለ። ክለቡ መጀመሪያ "አንቀጹ ግልጽ ነው" አለ፤ ጠበቃ ደብዳቤ ሲጽፍ "እንነጋገር" አለ፤ በመጨረሻ እስከ ውድድር ዘመኑ ማብቂያ ካለው ደመወዝ ግማሽ ያህሉን በአራት ጊዜ ከፈለ፤ ሁለተኛው ዓመት ቀረ። እኔ ግልግል እንሂድ ብዬ ነበር። አጎቴ "ልጄ፣ ኳስ ትንሽ መንደር ናት፤ ከሳሽ የሚል ስም ይዞ የት ይጫወታል?" አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

በዚህ ዓመት ልጁ ሌላ ክለብ ጋር ሊፈርም ሲል ውሉን ከፊርማ በፊት ላከልኝ። ሁለት መስመር ጨመርንበት፤ አንዱ የጉዳት ክፍያ በአማካይ ገቢ እንዲሰላ፣ ሌላው ስለ ሁለተኛው ሐኪም። ሥራ አስኪያጁ አይቶ ሳቀና "ጠበቃ አለህ እንዴ?" አለው። "የአክስቴ... አይ፣ የአጎቴ ልጅ ናት" ብሎ ተንተባተበ። ሰውየው ፈረመ።